ሴፍቲ ቫልቭ ስር መዝጊያ ቫልቭ ማስገባት ይቻላል?

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር አለ። አንድ የእንፋሎት ድራም አለን። ከዋናው መስመር የሚመጣው ከፍተኛ ግፊት በመቀነሻ ቫልቭ ይወርድና ወደ ድራሙ ይገባል። ከዚያ ለተለያዩ ማሞቂያዎች ይከፋፈላል። ድራሙ ላይ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ 10 ባር ላይ እንዲከፍት ተስተካክሏል። እኛ የምንሠራው 9.5 ባር ላይ ነው።

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቫልቩ ሁሌ ያፏጫል። መቀመጫው ተበልቷል፤ በጠገንነው ቁጥር ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ያፈሳል። ሁለተኛ፣ ሲከፍት ከፍቶ አይቆይም። እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ቧንቧው ሁሉ ይንቀጠቀጣል።

የጥገና ክፍሉ «ከስሩ ጌት ቫልቭ ይግባልን፣ ፋብሪካውን ሳናቆም ዘግተን እንጠግነዋለን» ይላል። የማሻሻያውን ሥዕል የምሠራው እኔ ነኝ፤ ፊርማዬም ያርፍበታል። ይፈቀዳል? ከተፈቀደስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ፈጣን_ጥገና፦

ወንድሜ ይሄ ያን ያህል አያስጨንቅም። ጌት ቫልቩን አስገባው። እስከዚያው ስፕሪንጉን ትንሽ አጥብቀውና 10.8 አድርሰው። ማፏጨቱ ያቆማል። ኮዱ ራሱ 10 በመቶ ይፈቅዳል።

የቫልቭ_ሰው፦

ቆይ፣ ቆይ። ስፕሪንጉን ማንም እንዳይነካው። ያ 10 በመቶ ለምን እንደተፈቀደ በደንብ መታወቅ አለበት።

በአስሚ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር) ኮድ ሴክሽን 8፣ ማለትም ስለ ግፊት ዕቃዎች በሚናገረው ክፍል መሠረት፣ አንድ ሴፍቲ ቫልቭ ብቻ ካለ የመክፈቻ ግፊቱ ከዕቃው ከፍተኛ የሚፈቀድ የሥራ ግፊት መብለጥ የለበትም። ነጥብ። 10 በመቶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቫልቩ ከፍቶ እያስወጣ ሳለ ግፊቱ እስከዚያ ድረስ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በ10.8 እንዲከፍት ካደረግከው፣ ሙሉ አቅሙን እስኪያወጣ ግፊቱ ወደ 11.9 ይጠጋል። ተጨማሪ ቫልቮች ካሉ የመጀመሪያው ከፍተኛው ግፊት ላይ ወይም ከዚያ በታች ይከፍታል፣ ቀሪዎቹ እስከ 105 በመቶ ሊስተካከሉ ይችላሉ። ለአንድ ቫልቭ ግን ይህ አይሠራም።

ደግሞ የተስተካከለ ቫልቭ ማኅተም ያለበት ለዚህ ነው። ማኅተሙን መቁረጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው ሱቅ ብቻ ነው።

ጀማሪ፣ እነዚህን ላክልን፦ የድራሙ ስም ሰሌዳ ምን ይላል? ከድራሙ በኋላ ያሉት ዕቃዎች ስንት ባር ናቸው? የቫልቩ መጠንና ቀዳዳው ስንት ነው? ከድራሙ እስከ ቫልቩ ያለው ቧንቧ ስንት ኢንች ነው፣ ምን ያህል ይረዝማል? ማስወጣት ያለበት እንፋሎትስ ስንት ነው?

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሄጄ አየሁት።

የድራሙ ስም ሰሌዳ 12 ባር ይላል። ግን ከሱ ከሚመገቡት ማሞቂያዎች አንዱ 10 ባር ነው። እሱ የራሱ ሴፍቲ ቫልቭ የለውም። ለዚህ ይመስለኛል ቫልቩ 10 ላይ የተደረገው።

ቫልቩ 3 በ4 ነው (መግቢያው 3፣ መውጫው 4 ኢንች)፣ ቀዳዳው ኤል (የቀዳዳ መጠን በፊደል ነው የሚጠራው)። የድራሙ ኖዝል (ቧንቧው የሚነሳበት አፍ) ግን 2 ኢንች ነው። ከኖዝሉ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ይነሳል። ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ነው፣ ሁለት ኤልቦ አለው። ከዚያ በሬዲዩሰር ሰፍቶ ቫልቩ ይገጠማል። የዲዛይን ሰነዱ የሚለው ማስወጫ መጠን በሰዓት 2,500 ኪሎ ግራም ነው።

የቫልቭ_ሰው፦

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሁለቱም ችግሮች ከመዝጊያ ቫልቭ ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም። አንድ በአንድ እንያቸው።

ማፏጨቱ። በስፕሪንግ የሚሠራ ቫልቭ የመክፈቻ ግፊቱን ሲቀርብ መቀመጫው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። በተለምዶ የሥራ ግፊት ከመክፈቻው 90 በመቶ እንዳይበልጥ የሚባለው ለዚህ ነው። እናንተ 95 በመቶ ላይ ናችሁ። ትንሽ የግፊት መወዛወዝ ሲኖር ቫልቩ ያፏጫል፣ እንፋሎቱ መቀመጫውን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ጠግኖ ማዳን አይቻልም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ቫልቩ በከፈተበት ግፊት አይዘጋም፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚዘጋው። ይህን ልዩነት ብሎውዳውን እንለዋለን። ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 በመቶ አካባቢ ነው። 7 እንኳ ብንል የእናንተ ቫልቭ የሚዘጋው 9.3 ባር ላይ ነው። እናንተ የምትሠሩት 9.5 ላይ! ስለዚህ ሳይንጣጣ አንዴ በእውነት ከከፈተ ሰው ግፊቱን እስኪያወርድለት አይዘጋም። ይህን ወረቀት ላይ ጻፈውና ለአለቃህ አሳየው።

9.5 ለምን ያስፈልጋችኋል? ለሙቀቱ ከሆነ ሰንጠረዡን እይ። በ9.5 ባር የተጠገበ እንፋሎት ወደ 182 ዲግሪ ነው። በ9.0 ባር ወደ 180። ለ2 ዲግሪ ብላችሁ ነው ቫልቩን የምትበሉት።

መንጣጣቱ። ይሄኛው አደገኛው ነው። ኤል ቀዳዳ 2.853 ካሬ ኢንች ነው፤ ወደ 1,840 ካሬ ሚሊ ሜትር። በ10 ባር መክፈቻና በ10 በመቶ ጭማሪ በኤፒአይ 520 (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ደረጃ) ቀመር ሳሰላው በሰዓት ከ11 ቶን በላይ እንፋሎት ያስወጣል። የሚያስፈልግህ 2.5 ቶን ነው። ቫልቩ ከአራት እጥፍ በላይ ገዝፏል። ድራሙ ሊያቀርብለት የማይችለውን ይጠይቃል። ይከፍታል፣ ግፊቱን ባንዴ ያወርዳል፣ ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል።

በዚያ ላይ መግቢያው ባለ 2 ኢንች ነው። ከዕቃው እስከ ቫልቩ ያለው መንገድ ከቫልቩ መግቢያ መጥበብ የለበትም፤ ይህ በኮዱ በግልጽ የተቀመጠ ነው። ከመግቢያው ቧንቧ የሚጠፋው ግፊት ደግሞ ከመክፈቻ ግፊቱ 3 በመቶ እንዳይበልጥ ይመከራል። ለእናንተ 0.3 ባር ማለት ነው። ያ ቫልቭ ሙሉ አቅሙን በዚያ ቧንቧ ላሳልፍ ቢል የሚጠፋው ከ4 ባር ይበልጣል። ስለዚህ ቫልቩ ሲከፍት ከስሩ ያለው ግፊት ወዲያው ይሞታል። ቫልቩ ድራሙ ውስጥ ያለውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከስሩ ያለውን ብቻ ነው። ይዘጋል። ሲዘጋ ፍሰቱ ይቆማል፣ ከስሩ ግፊቱ ይመለሳል፣ ይከፍታል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የቫልቩን ዲስክ ይሰብራል፣ የፍላንጁን ብሎኖች ያላላል።

አሁን ደስ የሚለው። ለ2,500 ኪሎ የሚያስፈልገው ቀዳዳ ወደ 406 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ጂ 325 ነው፣ አይበቃም። ኤች 506 ነው፣ ይበቃል። ኤች ቀዳዳ በኤፒአይ 526 2 ኢንች መግቢያና 3 ኢንች መውጫ ያለው አለ። ያውና ኖዝልህ 2 ኢንች! ድራሙን መብሳት የለብህም።

ቧንቧውን ግን አሳጥረው። 3 ሜትር ከሁለት ኤልቦ ጋር ለኤች ቫልቭ ሳሰላው 0.35 ባር ገደማ ይጠፋል፤ ከ3 በመቶ ያልፋል። ቀጥ ያለ፣ ከ1 ሜትር ያነሰ ካደረግከው ወደ 0.1 ባር ይወርዳል። ስታሰላ የምትጠቀመው ፍሰት 2,500 ሳይሆን የቫልቩን ሙሉ አቅም መሆን አለበት። ቫልቩ ሲከፍት የሚስበው ያንን ነው። እዚህ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

እኔ የተጠቀምኩት ለመጀመሪያ ስሌት የሚሆነውን የፍሰት ኮፊሸንት ነው፣ 0.975። መጨረሻ ላይ የአምራቹን የተረጋገጠ ቁጥር ውሰድ።

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

ይህን ያህል ዝርዝር አልጠበቅኩም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ኤል ቫልቩ ከሌላ ዕቃ ላይ ተነቅሎ የመጣ ነው አሉኝ። «ትልቅ ከሆነ ይበልጥ ያድናል» ተብሎ።

አንድ ጥያቄ ግን። 2,500 የሚለውን ቁጥር ማመን አለብኝ? ሰነዱ ላይ ከየት እንደመጣ አይልም።

ሒሳብ_ወዳድ፦

አትመነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጥር ላይ ቫልቭ አይገዛም።

ለእናንተ ዋናው ሁኔታ መቀነሻ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ሲቀር ነው። የመቀነሻውን ዳታሺት አውጣ። ዋናው መስመር ከፍተኛው ግፊት ላይ ሲሆን፣ ቫልቩ መቶ በመቶ ሲከፍት ስንት ያሳልፋል? ያ ነው ቁጥርህ። ማሞቂያዎቹ የሚወስዱትን አትቀንስለት። ሁሉም ተዘግተው ሊሆን ይችላል።

ሦስት ነገር አጣራ።

የመቀነሻው ባይፓስ (መቀነሻውን ዘሎ የሚያልፍ መስመር) አለ? ካለ ኦፕሬተሮች አንዳንዴ ገርበብ አድርገው ይተዉታል። በሥራ ላይ ከፊል ክፍት ሊሆን የሚችል ከሆነ የሱም ፍሰት መደመር አለበት። የብዙ ፋብሪካ ስሌት ባይፓሱን ረስቶታል።

የመቀነሻው ትሪም (የፍሰቱን መጠን የሚወስኑት የውስጥ ክፍሎች) ተቀይሯል? ምርት ሲጨምር «ትንሽ ሰፋ ያለ ትሪም እናስገባ» ይባላል። ትሪም የሚቀይረው ሰው ስለ ሴፍቲ ቫልቩ ላያስብ ይችላል። ውጭ ሆኖ ለሚያየው ያው ቫልቭ ነው፤ የሚያሳልፈው ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

የዋናው መስመር ግፊትስ ስሌቱ ከተሠራ ወዲህ ጨምሯል?

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

ባይፓስ አለ። ባለ 1 ኢንች ግሎብ ቫልቭ። ዛሬ ሳየው ዝግ ነበር፣ ግን ማኅተምም ቁልፍም የለውም።

ሒሳብ_ወዳድ፦

እንግዲያውስ ሁለት ምርጫ ነው ያለህ። ወይ ፍሰቱን ደምረህ ለሁለቱም የሚበቃ ቀዳዳ ትመርጣለህ፣ ወይ ባይፓሱን ነቅለህ ጫፎቹን በዕውር ፍላንጅ ትዘጋለህ። እኔ ብሆን መጀመሪያ ደምሬ አያለሁ። ኤች ቀዳዳ በሰዓት ወደ 3,100 ኪሎ ስለሚያስወጣ ጥቂት ትርፍ አለው። ትርፉ ለባይፓሱ ይበቃል ብለህ ግን አትገምት፣ አስላው። ካልበቃ ቀጣዩ ጄ ነው። ያን ጊዜ የመግቢያ ቧንቧ ሒሳቡ እንደገና ከዜሮ ይሠራል።

ኢንስፔክተሩ፦

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። መዝጊያ ቫልቭ ይፈቀዳል ወይ?

ዕቃው ቦይለር ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ አይፈቀድም። በአስሚ ሴክሽን 1 በቦይለርና በሴፍቲ ቫልቩ መካከል ምንም ዓይነት ቫልቭ አይገባም።

የእናንተ ግን ቦይለር አይደለም፣ የግፊት ዕቃ ነው። እዚህ ኮዱ በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በጥብቅ ሁኔታ፣ በቁልፍ ቁጥጥርና በጽሑፍ በተቀመጠ አሠራር ይፈቅዳል። ከ2021 ጀምሮ ይህ ሁሉ ወደ ሴክሽን 13 ተሰብስቧል። ሆኖም የየአገሩ የቦይለርና የግፊት ዕቃ ተቆጣጣሪ ከኮዱ የጠበቀ ሕግ ሊኖረው ይችላል። ሥዕሉን ከመፈረምህ በፊት እሱን ጠይቅ።

ከተፈቀደ ደግሞ እንዲህ ይሁን። ቫልቩ ሙሉ ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ውስጡ ከቧንቧው የጠበበ ቫልቭ አይገባም። ጌት ከሆነ ዘንጉ ወደ ጎን ወይም ወደ ታች ይሁን። ዘንጉ ወደ ላይ ሆኖ በሩ ከዘንጉ ቢላቀቅ ወርዶ መንገዱን ይደፍናል፤ ከውጭ ያለው ሰው መሪውን አይቶ «ክፍት ነው» ይላል። ስለዚህ እኔ ቦል ቫልቭ እመርጣለሁ፤ እጀታው ቦታውን በዓይን ያሳያል። በመዝጊያውና በሴፍቲ ቫልቩ መሃል ትንሽ ማስተንፈሻ ይኑር። አለበለዚያ ጠጋኙ ፍላንጁን የሚፈታው ተዘግቶ በቀረ ግፊት ላይ ነው።

ክፍት ሆኖ በሰንሰለትና በቁልፍ ይታሰር። ቁልፉ ያለው አንድ ኃላፊ ጋ ይሁን። የተቆለፉ ቫልቮች መዝገብ ይኑር፤ በየጊዜው እየዞሩ ይታዩ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን ሁለት ሴፍቲ ቫልቭ አድርጎ በመቀያየሪያ ቫልቭ ማገናኘት ነው። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። በየትኛውም ሰዓት ድራሙ ያለ መውጫ አይቀርም። ሰው ረሳ አልረሳ መንገዱ ክፍት ነው። የመቀያየሪያውን የግፊት ብክነት በ3 በመቶው ውስጥ መቁጠር እንዳትረሳ።

ፈጣን_ጥገና፦

ሁለት ቫልቭና መቀያየሪያ ስትሉ ወጪውን አስባችሁታል? ለአንድ ድራም? ቁልፍ ካለው በቂ ነው። የሚጠግነው ሰው ራሱ ሲጨርስ ይከፍተዋላ።

ኢንስፔክተሩ፦

ወጪው እውነት ነው፣ አልክድም። «ይከፍተዋላ» የሚለው ግን ሰው ገድሏል።

በሰኔ 2008 ሂዩስተን ውስጥ በሚገኝ የጉድይር የጎማ ጥሬ ዕቃ ፋብሪካ አንድ ሄት ኤክስቼንጀር ፈነዳ። በአሞኒያ የሚቀዘቅዝ ነው። ከፍንዳታው አንድ ቀን በፊት ከሴፍቲ ቫልቩ ስር ያለው ራፕቸር ዲስክ (ግፊት ሲበዛ የሚቀደድ ስስ ሳህን) ሊቀየር መዝጊያው ተዘጋ። ዲስኩ ተቀየረ። መዝጊያው ግን አልተከፈተም። በማግስቱ ሌላ ኦፕሬተር በሌላኛው በኩል መስመሩን ሊያጥብ ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው የሚሄደውን ቫልቭ ዘጋና እንፋሎት ለቀቀ። አሞኒያው ሞቀ። መውጫ አልነበረውም። አንዲት ሠራተኛ ሞተች።

ጠጋኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ዲስኩ በትክክል ተገጥሟል። የጎደለው ከፈረቃ ወደ ፈረቃ መረጃውን የሚያሻግር ነገር ነበር።

ሁለተኛው ከናንተ ጉዳይ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል። ሉዊዚያና፣ ጋይስማር፣ ዊሊያምስ ኦሌፊንስ፣ ሰኔ 2013። የአንድ መለያ ማማ ፈሳሽ የሚያፈሉ ሁለት ሪቦይለሮች ነበሩ። መጀመሪያ አብረው ይሠሩ ነበር፤ ሴፍቲ ቫልቩ ማማው ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ይጠብቅ ነበር። በ2001 መዝጊያ ቫልቮች ተጨመሩ። ለምን? አንዱን ሳያቆሙ ሌላውን እንዲያጸዱ። ልክ እንደ እናንተ። በዚያች ቀን ተጠባባቂው ሪቦይለር ከሴፍቲ ቫልቩ ተነጥሎ ነበር። ውስጡ ፕሮፔን ነበር። ሙቅ ውሃ ሲለቀቅበት ፕሮፔኑ ተስፋፋና ቅርፊቱ ተቀደደ። ሁለት ሰው ሞተ።

መዝጊያ ቫልቭ ስትጨምር የቧንቧ ዕቃ ብቻ አይደለም የምትጨምረው። ዕቃው ያለ ጥበቃ ሊቀር የሚችልበትን አዲስ ሁኔታ ትፈጥራለህ። ሥዕሉ ላይ ያንን ሁኔታ ፈልገው።

ተረኛ_ኦፕሬተር፦

እኔ ፈረቃ ላይ ስለምሠራ ከእኛ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ሰንሰለትና ቁልፍ ጥሩ ነው፤ ግን መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ከሌለ ሰንሰለቱ ጌጥ ነው። እኛ ጋ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከሴፍቲ ቫልቭ ስር ያለ መዝጊያ ከተዘጋ ድራሙ አጠገብ ሰው ይቆማል። ቃል በቃል ይቆማል። ጌጁን ያያል፣ እጁ የማስተንፈሻ ቫልቩ ላይ ነው። ሌላ ሥራ አይሰጠውም። ፈረቃ ከተቀየረ የሚተካው ሰው መጥቶ በአካል ይረከበዋል እንጂ በስልክ አይሆንም። እና መዝጊያው ዝግ ሳለ በዚያ ዕቃ ላይ ሌላ ምንም የሥራ ፈቃድ አይወጣም።

ፈሳሽ የሞላበት ዕቃ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። እንፋሎት ሲታመቅ ትንሽ ጊዜ ይሰጥሃል። ፈሳሽ አይሰጥህም። በሁለት ቫልቭ መሃል የታፈነ ውሃ በክፍል ሙቀት አካባቢ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ፣ ብረቱ ካልተለጠጠለት ግፊቱ በ4 ወይም 5 ባር ይጨምራል። ፀሐይ ብቻ ይበቃዋል። ለዚህ ነው የታፈነ ፈሳሽ ሊኖር በሚችልበት ሁሉ ትንሽ የሙቀት ሴፍቲ ቫልቭ የሚገባው።

ፈጣን_ጥገና፦

እሺ፣ ሌላ ሐሳብ ላምጣ። ማፍሰሱ ከሆነ የሚያስጨንቀው፣ ሴፍቲ ቫልቩ ስር ራፕቸር ዲስክ ብናስገባስ? ዲስክ አያፈስም። መዝጊያም አያስፈልግም።

የቫልቭ_ሰው፦

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ብዙ ቦታ ይሠራበታል። በተለይ ፈሳሹ የሚበላ ወይም የሚያጣብቅ ከሆነ።

ሁለት ነገር ግን ይጠይቃል። አንደኛ፣ የዲስኩና የቫልቩ ጥምረት የተመሰከረለት ካልሆነ የቫልቩን አቅም በ0.9 ታባዛዋለህ። ኤች ቀዳዳ ከ3,100 ወደ 2,800 ይወርዳል። አሁንም 2,500ን ይችላል፤ የባይፓሱ ትርፍ ግን ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ በዲስኩና በቫልቩ መሃል ያለው ክፍተት ግፊት ማጠራቀም የለበትም። ጌጅ ወይም ማስጠንቀቂያ ይኖረዋል። ምክንያቱም ዲስክ የሚቀደደው በሁለቱ ጎኖቹ መሃል ባለው ልዩነት ነው። ዲስኩ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ቢፈጠርና ክፍተቱ ውስጥ 5 ባር ቢጠራቀም፣ በ10 ሊቀደድ የነበረው ዲስክ እስከ 15 ድረስ ዝም ይላል። ድራሙ 12 ነው። ጌጅ የሌለው ዲስክ ከማስገባት ባታስገባ ይሻላል።

እና ለእናንተ ጉዳይ፣ የሥራ ግፊቱ ወደ 9 ከወረደና ቫልቩ በልኩ ከሆነ ማፍሰሱ ራሱ ስለሚቀንስ ዲስኩ ላያስፈልግ ይችላል። መጀመሪያ በሽታውን እናክም።

ቧንቧ_ዘርጊ፦

ስለ መውጫው ማንም አላነሳም። ሁሌም መውጫው ይረሳል።

የመውጫ ቧንቧው ክብደት ቫልቩ ላይ አይንጠልጠል። የራሱ ድጋፍ ይኑረው። ሴፍቲ ቫልቭ የቧንቧ መያዣ አይደለም። አካሉ ትንሽ ከተጣመመ መቀመጫው አይገጥምም፤ ከዚያ «ለምን ያፈሳል?» ይባላል።

ሲከፍት የሚፈጥረውን ግፊያ ደግሞ አስላ። ለኤች ቀዳዳ ከ400 ኒውተን በላይ ይሆናል። ለያ ኤል ከ1,500 በላይ፤ 150 ኪሎ የሚመዝን ነገር በድንገት ሲገፋህ ማለት ነው። በየመንጣጣቱ ያንን ያህል ይመታል።

ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ታችኛው ነጥብ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ ይኑረው። ካልኖረው ዝናብና የቀዘቀዘ እንፋሎት የሴፍቲ ቫልቩ ዲስክ ጀርባ ላይ ይተኛል። ዝገት፣ ከዚያም ሲከፍት የውሃ ምት። መውረጃው ራሱ ሰው ወደሚያልፍበት እንዳይተፋ።

ጫፉ ሰው ከሚቆምበት ሁሉ ከፍ ይበል። ይህን መናገር የሚያስፈልግ አይመስልም ነበር፣ ግን ወደ መሰላል የተነጣጠረ መውጫ አይቻለሁ።

አዲስ_ገቢ፦

ይቅርታ ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። እኛም ጋ ድራም ላይ አዲስ ኖዝል ተበየደ። የግፊት ሙከራውን በውሃ ፈንታ በአየር ብናደርገው ምን ችግር አለው? ውሃ ማስገባትና ማድረቅ ጊዜ ይፈጃል።

ኢንስፔክተሩ፦

ካልተገደድክ በቀር አታድርገው። 1 ሜትር ኩብ ዕቃ በ13 ባር አየር ሲሞላ የሚይዘው ጉልበት ወደ 1.9 ሜጋጁል ነው። ያው ዕቃ በውሃ ሞልቶ በ13 ባር ሲሆን ውሃው የሚይዘው 400 ጁል እንኳ አይሞላም። ብየዳው ቢለቅ ውሃው ይረጫል፣ ግፊቱ ወዲያው ይሞታል። አየሩ ግን ብረቱን ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ነው አስሚ ሴክሽን 8 ዲቪዥን 1 የሙከራውን ግፊት ለውሃ ከሚፈቀደው የሥራ ግፊት 1.3 እጥፍ፣ ለአየር 1.1 እጥፍ ብሎ ለይቶ ያስቀመጠው፤ ሁለቱም ብረቱ በሙከራና በሥራ ሙቀት ባለው የጥንካሬ ንጽጽር ይባዛሉ። አየር የሚፈቀደው ዕቃው ወይም ድጋፉ የውሃውን ክብደት መሸከም ሲያቅተው፣ ወይም የውሃ ቅሪት ለሥራው የማይፈቀድ ሲሆን ነው። ጊዜ ይፈጃል የሚለው ምክንያት አይሆንም።

ለሙከራ ብላችሁ ሴፍቲ ቫልቩን ነቅላችሁ ዕውር ፍላንጅ ካስገባችሁ ወይም ቫልቩን በማነቂያ (እንዳይከፍት በሚይዘው መሣሪያ) ካሰራችሁት፣ ፍላንጁንም ማነቂያውንም ቆጥራችሁ አውጡ። ሥራ ሲጀመር ማነቂያው እላዩ ላይ የቀረ ቫልቭ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሒሳብ_ወዳድ፦

ጀማሪ፣ አንድ የመጨረሻ ነገር። ድራሙን ስታቆሙት እንፋሎቱ ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ይሆናል፣ ውስጡ ባዶ ይሆናል። ሙሉ ቫኪዩም ማለት ከውጭ በካሬ ሜትር 10 ቶን ገደማ ይጫነዋል። ሴፍቲ ቫልቭ ወደ ውጭ ብቻ ነው የሚያስተነፍሰው። ስም ሰሌዳው ላይ ሙሉ ቫኪዩም የሚል ከሌለ የቫኪዩም ማስገቢያ ቫልቭ ያስፈልጋችኋል።

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

ሰሌዳው ላይ ስለ ቫኪዩም ምንም አይልም። ስለዚህ ቫኪዩም ማስገቢያውን ሥዕሉ ላይ ጨምሬዋለሁ።

ሌላውን ከአለቃዬና ከጥገናው ጋር ተነጋገርን። የሥራ ግፊቱ 9.0 ባር ሆኗል፤ ማሞቂያዎቹ ላይ እስካሁን የተለወጠ ነገር አልታየም። ማፏጨቱ ቀንሷል፤ መቀመጫው አስቀድሞ ስለተበላ ግን ጨርሶ አልቆመም። ባይፓሱ ይነቀላል፤ መቀነሻው ሲጠገን ድራሙ ይቆማል ተብሎ ተስማምተናል። የመቀነሻውን ዳታሺት አግኝቼ ሙሉ ክፍት ሲሆን የሚያሳልፈውን አሰላሁት፤ በሰዓት 2,700 ኪሎ ነው። ኤች ይበቃዋል፤ በራፕቸር ዲስክ ግን በጣም ይጠጋል፣ ስለዚህ ዲስኩን ትተነዋል። ሁለት ባለ ኤች ቫልቭ ከመቀያየሪያ ጋር ጠይቀናል። አለቃዬ ወጪው ላይ ገና አልፈረመም፤ የሂዩስተኑንና የጋይስማሩን ታሪክ ከሒሳቡ ጋር አያይዤ ሰጥቼዋለሁ። ካልተፈቀደ አንድ ኤች ቫልቭ ያለ መዝጊያ ይገባል፤ ጥገናው በዓመታዊው ማቆሚያ ይሆናል። ያለ መቀያየሪያ ጌት ቫልቭ ብቻ የሚለውን አልፈርምም ብያለሁ።

የቫልቭ_ሰው፦

ጥሩ ሠርተሃል። የመቀያየሪያውን የብክነት ኮፊሸንት አምራቹ ካልላከልህ በግምት አትቀጥል፤ የመግቢያው 0.3 ባር ጠባብ ስለሆነ እሱ ብቻውን ሊያልፈው ይችላል። የመቀነሻውን ትሪም መጠን ደግሞ በሴፍቲ ቫልቩ ዳታሺት ላይ ጻፈው፣ መቀነሻው አካል ላይም «ይህ ትሪም ከመቀየሩ በፊት የድራሙ ሴፍቲ ቫልቭ ይታይ» የሚል ሰሌዳ አስመታ። ያችን 10 ባር ማሞቂያም በሥዕሉ ላይ ምልክት አድርግባት፤ ነገ አንድ ሰው ድራሙ 12 ነው ብሎ መክፈቻውን ከፍ ሊያደርግ ይመጣል።

ጀማሪ_ፕሮሰስ፦

ሰሌዳውን ዛሬ አዝዣለሁ። የመቀያየሪያው ቁጥር ሲመጣ ስሌቱን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ እባካችሁ ተመልከቱልኝ።